ውሃ የሌለበት መዝገበ ቃላት

ተናኘ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳይነግራት ታውቃለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ አድጋበት ነው። በአባቷ ቤት ትልቅ ሰው «እስቲ ውሃ ስጡኝ» ብሎ አፉን ከከፈተ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ያፍር ነበር። ገና ከንፈሩን በምላሱ ሲያረጥብ ጣሳው እጁ ላይ መድረስ አለበት። ትከሻውን ሰብሰብ ሲያደርግ ጋቢው፣ ሊነሳ ሲያስብ ከዘራው። ቶሮንቶ መጥታ አዛውንት በመንከባከብ ሥራ ስትተዳደርም ይኸው አመሏ አብሯት መጣ። ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር ያሉት ቤተሰቦች ስሟን አንዱ ለሌላው የሚነግረውም በዚህ ነበር። «እሷ ካለች እናትሽ ምንም ማለት አያስፈልጋትም» ይባባላሉ። ምስጋና መሆኑ ነው።

ሚስተር ዊትኮም ቤት የገባችው መጀመሪያ ለባለቤታቸው ነው። ሴትዮዋ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ተናኘ ሁለት ክረምት አስታመመቻቸው፤ በሦስተኛው አረፉ። ከቀብር በኋላ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል አዛውንቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ነገም ትመጫለሽ አይደል?» አሏት። መጣች። ከምትኖርበት ከዌስተን አውቶቡስ ይዛ፣ አንዴ ቀይራ፣ በየማለዳው መምጣቷን ቀጠለች። «ጋሼ» ትላቸዋለች። ምን ማለት እንደሆነ ስትነግራቸው ደስ ብሏቸው፣ ስልክ ሲያነሱ ሳይቀር «ጋሼ ነኝ» እያሉ ያስቋት ነበር።

ሚስተር ዊትኮም ዕድሜያቸውን በሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የቀራቸው ሱስ አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌ መዝገበ ቃላት መሰብሰብ። የሳሎኑ ግድግዳ አንዱ ወገን ከወለል እስከ ጣሪያ ይኸው ነው። ተናኘ አቧራውን ስትወለውል በየጀርባቸው የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች ፊደል ትቆጥራለች። አማርኛውን ራሱ የለየችው ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ነው። የእንግሊዝኛውን ደግሞ ዌስተን ቤተ መጻሕፍት፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ። ስለዚህ የተጻፈ ነገር አይታ ዝም ብላ አታልፍም።

አንድ ቀን አዛውንቱ ይህን አዩና ከመደርደሪያው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አውጥተው ሰጧት።

«ይቺ ቅጂ ናት። ዋናው ቤቴ ቢኖር ኖሮ በር ላይ ዘበኛ ባቆምኩ» አሏት። «ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ሲጀምሩ የሚፈቱት ከባድ ከባዱን ቃል ብቻ ነበር። ከላቲን የመጣውን፣ ከግሪክ፣ ከፈረንሳይ። ሰባኪው አትሮንሱ ላይ ቆሞ ይናገረዋል፤ ሕዝቡ አይገባውም።»

«ለማን ነው የጻፉት ታዲያ?»

«ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው። ይልቁንም ለሴቶች። የተማረው ወንድማ አውቃለሁ ባይ ነው፤ ምን ቆርጦት ይገዛል!»

ተናኘ ሳቀች። «ይሄ እኛም አገር አለ። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የግዕዙን ቃል በአማርኛ እየፈቱ ግስ ሲያጠኑ፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር። ‹ማይ› ሲል አንዱ፣ ‹ውሃ› ይላል ሌላው።»

«ውሃን ጽፈውታል?» አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «እኛዎቹ ውሃን አልጻፉትም። ዳቦ የለም፣ በር የለም፣ ውሻ የለም። ይህ ለማን ይጠፋዋል ብለው ዘለሉት። ተራው ቃል መዝገብ ውስጥ ቦታ ያገኘው ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ነው።»

እንዲህ ሲያወሩ ይውሉ ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ሚስተር ዊትኮምን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ሰንፏል፤ አእምሯቸው ግን እንደነበረ ነው። የሚባለው ሁሉ ይገባቸዋል። የጠፋቸው ቃል ነው። ማንኪያውን ያዩታል፣ ማንኪያ መሆኑን ያውቁታል፣ ስሙ ግን ከአፋቸው አይወጣም።

አንድ ልጃቸው ጁዲት ከምትኖርበት ከሩቁ ካልጋሪ በርራ መጣች። እሷ እዚያ ቤቷ አጠገብ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝታ ተራ አስይዛላቸዋለች። ክፋት የለባትም፤ ፈርታ ነው። አባቷ ብቻቸውን ሌሊት ደረጃ ላይ ቢወድቁ ማንን ይጠራሉ? በምን አፋቸው? አዛውንቱ ካልጋሪ የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በግራ እጃቸው ወለሉን አመለከቱ። እዚህ። ደግመው አመለከቱ። እዚህ።

በመጨረሻ እንዲህ ተባባሉ፤ ማርች ላይ በቤታቸው መኖር መቻላቸውን የምታይ አንዲት ገምጋሚ ትመጣለች። በዚያን ጊዜ ሚስተር ዊትኮም እርዳታ መጥራትና የሆኑትን መናገር ከቻሉ በቤታቸው ይኖራሉ። ካልቻሉ ጁዲት ትወስዳቸዋለች።

ተናኘ ይህን ስትሰማ በልቧ «አይወስዷቸውም» አለች። ከቤቷ ቀደም ብላ መውጣት ጀመረች። አዛውንቱ ዓይናቸውን ወደ መስኮት ሲመልሱ መጋረጃው ይከፈታል። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሻዩ ይቀርባል፤ ወተቱ እንደሚወዱት፣ ማንኪያው በግራ በኩል። መነጽሩ፣ መሐረቡ፣ የእግር ሹራቡ፣ ሁሉም እጃቸው በሚደርስበት ነው። በሕይወቷ ሰውን እንዲህ አድርጋ ጦራ አታውቅም።

በየሳምንቱ የምትመጣው የንግግር ሐኪም ሀጂራ ትባላለች። ጂማ ተወልዳ ዌስተን ያደገች ወጣት ናት፤ አማርኛዋ እንግሊዝኛ ይበዛበታል። ፌብሩወሪ አጋማሽ ላይ ከአዛውንቱ ጋር ተቀምጣ ሥራዋን ስትጨርስ ፊቷ ጠቆር አለ። ወደ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እትዬ ተናኘ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እንዳይቀየሙኝ።»

«በይ።»

«ሻይ ሲፈልጉ እንዴት ነው የሚነግሩዎት?»

«ምን ይነግሩኛል! እኔ አውቀው የለ?»

«መነጽራቸውንስ?»

«አጠገባቸው ነው።»

«ሲበርዳቸው?»

«ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ዓይን ዓይናቸውን ነው እኮ የማየው። ምን ጎደለባቸው?»

«ምንም አልጎደለባቸውም። ፕሮብለሙ እሱ ነው።» ሀጂራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከሆስፒታል ሲወጡ ትንሽ ትንሽ ቃል ነበራቸው። ‹ሻይ› ይሉ ነበር፣ ‹በር› ይሉ ነበር። አሁን የለም። ፕራክቲስ አያደርጉም። ለምን ያደርጋሉ? ሁሉም ነገር ሳይጠይቁ ይመጣላቸዋል።»

ተናኘ የያዘችውን ሳህን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «እና እኔ ነኝ ያስረሳኋቸው?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሻል እንጂ።»

ሀጂራ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ተናኘ። «ትልቅ ሰው ሲቸገሩ እጄን አጣጥፌ ልያቸው?»

«አዎ። እሱን ነው የምልዎት። ዌይት ያድርጉ። ቃሉ እምቢ ካላቸው ደግሞ ዙሪያውን ይናገሩት፤ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚይዘው። እርስዎ ግን አይቀድሟቸው።»

«ይሄማ ስድነት ነው!»

«አውቃለሁ። እናቴም እንደዚሁ ናት። እኔ ‹አልራበኝም› ብዬ እስክጨርስ ሁለት ሳህን በልቻለሁ።»

ተናኘ ላትስቅ ስትታገል ሳቋ አመለጣት። ሀጂራ ስትሄድ ግን ሳቁ አብሮ ሄደ። ወደ ማርች የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። የጠበቀቻቸው መስሏት፣ ከቤታቸው የምታስወጣቸው ራሷ እንደሆነች ገባት።

በማግስቱ ሻዩን አፈላች፤ አላቀረበችም። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም። አዛውንቱ ማንቆርቆሪያውን አዩት፣ ከዚያ እሷን። በጣታቸው አመለከቱ። ተናኘ እጇ ብድግ ሲል ሁለቱንም ከጭኗ ሥር ከተተቻቸው።

«ምን ፈለጉ ጋሼ?»

ፊታቸው ቀላ። የወንበሩን ክንድ በግራ እጃቸው መቱት። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። በመጨረሻ አንድ ረጅም ቃል፣ ተናኘ ሰምታው የማታውቀው፣ ወፍራም የመጽሐፍ ቃል ከአፋቸው ተወርውሮ ወጣ። ትርጉሙን አላወቀችም፤ ስድብ መሆኑ ግን ፊታቸው ላይ ተጽፏል። ደስ አላት። ቃል ነው! ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየች፤ አልቻለችም፤ ሻዩን ቀድታ ሰጠቻቸው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ሲጠማቸው እያየች ተቀምጣ ነበር። አባቷ ቢያያት ምን ይላት ነበር?

ውሃው እየፈሰሰ ቆማ ሳለ ያ ረጅም ቃል ተመልሶ መጣባት። እንግዳ ነገር ነው። ከባዱ ቃል ተቀምጧል፤ የሸሸው ቀላሉ ነው። ሻይ፣ በር፣ ማንኪያ። ፊቷን ታጥባ ወጣችና ከመደርደሪያው ያቺን ቀጭን መጽሐፍ አውርዳ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ውሃን ያውጡልኝ።»

ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከዚያ በአንድ እጃቸው ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ገለጡ፤ ጣታቸውን እያወረዱ ፈለጉ። ቀና አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፁ ቆይቶ ተከተለ። ከታመሙ ወዲህ የሳቁት ያን ዕለት ነው።

«የለማ!» አለች ተናኘ። «ሰዎቹ ዘለውታል። እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ? እንግዲህ እርስዎ ይፍቱልኝ። እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሴት ነኝ። ውሃ ማለት ምንድን ነው?»

ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል። ተናኘ ምላሷን ነከሰች።

«ከ… ላይ» አሉ አዛውንቱ። «ይወርዳል። ቀዝ… ቀዝቃዛ። ብርጭቆ… ውስጥ።»

እሷም ተነስታ ብርጭቆውን ሞልታ አመጣችላቸው። የጠየቁትን ነው ያመጣችው። እስከ ታች ጠጡትና ባዶውን ብርጭቆ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሥራቸው ይህ ሆነ። ማንኪያ ማለት ምንድን ነው? ደረጃስ? እሳቸው የመጀመሪያዎቹ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች የዘለሉትን ተራ ቃል አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ እሷ ያልገባት ሴት ሆና ትጠይቃለች። ሁልጊዜ አልሠመረም። አንዳንድ ቀን ሁሉም ነገር ይዘጋባቸውና እስከ እኩለ ቀን ሻይ ሳይጠጡ ይቆያሉ። ተናኘ በእነዚያ ቀናት አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ራሷን ትወቅሳለች። እጇን ከጭኗ ሥር ማድረግ ደረጃ ከማጠብ ይከብዳታል። ሀጂራ መጥታ ስትሰማቸው ግን በበሩ በኩል አውራ ጣቷን ታሳያታለች።

«እትዬ ተናኘ፣ ሥራዬን ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?»

«ሂጅ አንቺ! እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምውል። ለመቀመጥም ደሞዝ ይከፈላል በይ።»

ማርች ላይ ጁዲት ከካልጋሪ መጣች፤ ገምጋሚዋም መጣች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሳሎን ተቀመጡ። ተናኘ ከአዛውንቱ ወንበር ጀርባ ቆመች። ሴትዮዋ ብዙ ነገር አየች፤ ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ በግራ እጃቸው ሲመገቡ። ከዚያ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አመለከተች፤ ሲጫኑት የእርዳታ ሰዎች በድምፅ ማጉያው የሚመልሱበት ነው።

«ሚስተር ዊትኮም፣ ሌሊት ወደቁ እንበል። ቁልፉን ተጫኑት። አንድ ሰው ‹ምን ሆኑ?› ብሎ ይጠይቅዎታል። ምን ይሉታል?»

አዛውንቱ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ምንም አልመጣም። ተናኘ ከኋላ ሆና ጆሮአቸው ሲቀላ ታያለች። ሴትዮዋ ብዕሯን ወደ ወረቀቷ ዝቅ አደረገች፤ ጁዲት ጉልበቷን እያሻሸች ቆይታ መታገሥ አልቻለችም።

«አባቴ ለማለት የፈለገው…»

«ጁዲት፣ ይቅርታ።» ተናኘ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ከአሠሪ አፍ ላይ ነገር ነጥቃ አታውቅም። «ይጠብቋቸው። እባክዎ።»

ጁዲት ደንግጣ አየቻት፤ ዝም ግን አለች። ሴትዮዋም ብዕሯን አነሳች። ውጭ መንገድ ላይ የበረዶ መጥረጊያ መኪና እየጮኸ መጣ፣ አለፈ፣ ድምፁ ራቀ።

«ሽማግሌ» አሉ ሚስተር ዊትኮም። «ወለል… ላይ። ኑ።»

ሴትዮዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ለእርዳታ ሰዎቹ ይበቃቸዋል» አለች። «ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚነግራቸው ጤነኛም ብዙ የለም።»

በመጨረሻ ያለችው ይህን ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚመጣላቸው ከሆነና ሕክምናው ከቀጠለ በቤታቸው መኖር ይችላሉ፤ አደጋ ግን ፈጽሞ የለም አትልም። ውሳኔው የቤተሰብ ነው። ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ጁዲት ወደ አባቷ ተጠግታ እግራቸው ሥር ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ሌሊቱን እንቅልፍ ያገኘ ሰው ፊት አይመስልም። «አባዬ» አለች፣ «እኔ እኮ ላስርህ አይደለም። እዚህ ደረጃ አለ፣ በረዶ አለ፣ እኔ ሩቅ ነኝ። ለምንድን ነው እዚህ የምትለው?»

ይህን ጠይቃቸው አታውቅም ነበር። መልሱን የምታውቀው ይመስላት ስለነበር።

አዛውንቱ የመስኮቱን ዳር አዩ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። «እሷ» አሉ። ቆሙ። «የምት… የምታንጎራጉር። እጅ በዱቄት። መስኮት… ጋ።» ግንባራቸው ተቋጠረ። ስሟን እየፈለጉ ነው።

ዶሮቲ። ተናኘ ሁለት ክረምት በየቀኑ የጠራችው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጁዲትም የእናቷን ስም ይዛው ነበር፤ ከንፈሯ ሲከፈት ታየ። አባቷን አየች። ከዚያ ከንፈሯን ገጠመች፤ ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አጣምራ ጠበቀች። እንባዋ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም።

ስሙ አልመጣም። «የኔ» አሉ አዛውንቱ በመጨረሻ። «እዚህ… ነች። እዚያ… የለችም።»

ጁዲት ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች። ተናኘ ቀስ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ የሚታጠብ ዕቃ ባይኖርም ቧንቧውን ከፈተች።

ቆየት ብሎ የጁዲት ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። ካልጋሪ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ደውላ ስታወራ ነው። ተናኘ ሁሉንም አልሰማችም። «ተራውን ለሌላ ሰው ስጡት» ስትል ግን ሰማች። ደግሞም፣ «አይ፣ ሐሳቡን አልለወጠም። እኔ ነኝ የለወጥኩ።»

ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ገባች። ዓይኗ አብጧል። እስከ እሑድ እዚህ እንደምትቆይ ተናገረችና መድኃኒቱ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ጠየቀች።

ተናኘ አሳየቻት። «ይሄ የጠዋት፣ ይሄ የማታ ነው» አለቻት። «ግን እሳቸውን ይጠይቋቸው። ያውቁታል።»